ለጅረትና ለወንዝ ሥራ የሚሆን ዌደር፦ ምርጫው ከምን ይጀምር?

ጥያቄ — ናሙና ሰብሳቢ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የጅረቶችንና የመካከለኛ ወንዞችን የውኃ ጥራት በሚከታተል አነስተኛ ቡድን ውስጥ ነው። ሥራችን የውኃ ናሙና መቅዳት፣ በወንዙ ወለል ላይ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት በመረብ መሰብሰብ፣ እንዲሁም ከዳር እስከ ዳር እየተሻገርን የፍሰቱን መጠን መለካት ነው። እስካሁን የምንጠቀመው እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ሲሆን፣ ውኃው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር በአፉ እየገባ ስለሚሞላ ጥልቅ የሆነውን የወንዙን ክፍል ትተን ዳር ዳሩን ብቻ ለመለካት ተገደናል። ይህም የልኬቱን ውጤት ስለሚያዛባ፣ ለቡድኑ በሙሉ ዌደር፣ ማለትም ከእግር እስከ ወገብ ወይም እስከ ደረት የሚደርስ ውኃ የማያስገባ ሱሪ እንዲገዛ ተወስኗል። የመምረጡ ኃላፊነትም ለእኔ ተሰጥቷል።

መጀመሪያ ለመወሰን የተቸገርሁት በተሠሩበት ነገር ላይ ነው፤ በላስቲክ ወይም በፒቪሲ የተለበጠ ወፍራም ጨርቅ፣ ለስለስ ያለው ኒዮፕሪን፣ እንዲሁም ላብን በትነት ያስወጣል የሚባለው ስስ ባለብዙ ንብርብር ጨርቅ ቀርበውልኛል። ቦት ጫማው ከሱሪው ጋር አብሮ የተጣበቀውን ልውሰድ ወይስ ሱሪው በካልሲ የሚያልቅበትንና ጫማው ለብቻው ከላይ የሚታሰርበትን የሚለውም ጥያቄ አለ፤ የሶሉም ዓይነት እንዲሁ የተለያየ ነው። ከጅረቶቻችን አንዳንዶቹ ከተራራ የሚወርዱ፣ ቀዝቃዛና ድንጋያማ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በእርሻና በመኖሪያ አካባቢ የሚያልፉ፣ ለብ ያሉና ጭቃ የበዛባቸው ናቸው። ወደ አንዳንዱ የናሙና ቦታ ለመድረስ በቁጥቋጦ መካከል ረጅም መንገድ በእግር እንሄዳለን።

ከዚህ ሌላ የቡድኑ አባላት አንድ ስጋት አላቸው። ዌደር የለበሰ ሰው ውኃ ውስጥ ከወደቀ ልብሱ ተሞልቶ ወደ ታች ይጎትተዋል ሲባል ሰምተዋል። ይህ እውነት ከሆነ ግዢውን እንደገና ማጤን ይኖርብናል። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ — ፍሰት ለኪ

እንደ እኔ እምነት ምርጫው መጀመር ያለበት ከጨርቁ ሳይሆን ከሶሉ ነው። የሻጮች መግለጫ አብዝቶ የሚናገረው ስለ ጨርቁ ንብርብር ቢሆንም፣ በወንዝ ውስጥ ሰውን የሚጥለው የእግር መንሸራተት ነው፤ ጨርቁ ቢያፈስ ሰውየው ይረጥባል፣ ሶሉ ከከዳው ግን ይወድቃል። አልጌ በሸፈነው ክብ ድንጋይ ላይ፣ ተጠቅጥቀው ከተደመደሙ ክሮች የሚሠራው የፌልት ሶል ተራውን ጎማ በግልጽ ይበልጠዋል፤ ክሮቹ አንሸራታቹን ሽፋን አልፈው የድንጋዩን ሻካራ ገጽ ስለሚይዙ ነው። በጭቃማ ዳገት፣ በእርጥብ ሣርና በበረዶ ላይ ግን ፌልት መሬት የሚቆነጥጥበት ጥርስ ስለሌለው በጣም ያንሸራትታል። ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ የዚህ ተቃራኒ ነው። የተንግስተን ካርባይድ ብረቶች (እጅግ ጠንካራ የሆኑ ትንንሽ ጥርሶች) ሶሉ ላይ ሲሰኩ ደግሞ በድንጋይ ላይ ያለው አያያዝ በእጅጉ ይሻሻላል። እርስዎ የገለጹት ሥራ በድንጋይም በጭቃም ላይ ስለሆነና የእግር መንገድም ስላለበት፣ የእኔ ምርጫ ባለብረት ጥርስ የጎማ ሶል ነው፤ ከተራራ በሚወርዱት ጅረቶች ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ፌልትን አልነቅፍም።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ፣ በፒቪሲና በላስቲክ የተለበጡት ከባድ ናቸው፣ ላብንም ያምቃሉ፤ ነገር ግን እሾህን ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ፣ በቀላሉ ይታጠባሉ፣ ሲቀደዱም ለመጠገን አያስቸግሩም። ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ጅረት ውስጥ ከእነዚህ የሚሻል አላውቅም። ኒዮፕሪን በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ያሉበት ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ለዌደር የሚውለው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሙቀትን የሚጠብቀው በእነዚያ አረፋዎች አማካይነት ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ቆሞ ለሚለካ ሰው የሚመች እርሱ ነው። ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ የቆመ ሰው እግር ምን ያህል ቶሎ እንደሚደነዝዝ፣ የደነዘዘ እግርም የወለሉን ድንጋይ ለይቶ መርገጥ እንደሚያቅተው አስቡት። ይሁን እንጂ ኒዮፕሪን ለብሶ ዳገት የወጣ ሰው ውኃው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በላብ ይጠመቃል።

ላብን በትነት የሚያስወጣው ጨርቅ የሚሠራው በውስጥና በውጭ መካከል ባለው የእንፋሎት ግፊት ልዩነት ነው። በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ፣ ውጭው ደግሞ ቀዝቃዛ ወይም ደረቅ ሲሆን እንፋሎቱ ይወጣል፤ አየሩ ሞቃትና እርጥብ፣ ውኃውም ለብ ያለ በሆነበት ቦታ ግን ልዩነቱ ስለሚጠብ ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ ጨርቅ በራሱ ሙቀት አይሰጥም፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከሥሩ ከሚለበሰው ነው። ከሥር የሚለበሰው ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ እርጥበትን ይዞ ስለሚቆይ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ብዙ ለሚራመድና የአየሩ ሁኔታ ከቦታ ቦታ ለሚለዋወጥበት ቡድን ከሦስቱ ይበልጥ የሚያገለግለው ይህኛው ነው እላለሁ፤ ሆኖም እሾህን በተመለከተ ከሁሉም ደካማው መሆኑን እያወቁ ይግዙት። ጉልበቱና ቅልጥሙ ላይ ተጨማሪ ንብርብር ያለውን ይምረጡ።

ስለ ቁመቱ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ለእናንተ ሥራ እስከ ደረት የሚደርሰው ነው የሚሆነው። እስከ ጭን ብቻ የሚደርሰው በትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ቀላልና ነፋሻማ ቢሆንም፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ድንጋይ ሲያነሣ ወይም ያልታየ ጉድጓድ ሲረግጥ በአፉ ይሞላል፤ በቀበቶ የሚዘጋበት መንገድም የለውም። የናሙና ሠራተኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጎነብስ ሰው ነው።

ነገር ግን ልብሱ እስከ ደረት ደረሰ ማለት ውኃው እስከ ደረት እስኪደርስ ይገባበታል ማለት አይደለም። ወራጅ ውኃ በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (የአገሪቱ የሥነ ምድርና የውኃ ጥናት ተቋም) የፍሰት ለኪዎች ዘንድ የሚሠራበት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ በፉት የተለካው ጥልቀት በሴኮንድ በፉት በተለካው ፍጥነት ሲባዛ 10 ከደረሰ በእግር አይገባም። ወደ ሜትር ስንለውጠው ብዜቱ 0.9 ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በሴኮንድ 0.5 ሜትር ሲሄድ ሊገባበት ይችላል፤ ግማሽ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ውኃ በሴኮንድ 2 ሜትር ሲሄድ ግን ብዜቱ 1 ስለሆነ፣ ከጉልበት እምብዛም ባያልፍም አይገባበትም። ይህ የላይኛው ጣሪያ ነው፤ ወለሉ ካንሸራተተ፣ ውኃው ከደፈረሰ፣ ወይም ሰውየው አጭርና ቀጭን ከሆነ ገና ሳይደርስ መቆም ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ በእጃችሁ ስላለ ይህን ስሌት ከዳሩ ጀምሮ ማስላት አያስቸግራችሁም።

ምላሽ — የውኃ ነፍሳት ተመራማሪ

ከላይ የተሰጠው ምላሽ በአብዛኛው የምስማማበት ነው፤ "ፌልትን አልነቅፍም" የሚለውን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ከአንድ ጅረት ወጥቶ ወደ ሌላ ጅረት ለሚገባ የናሙና ቡድን ፌልት መመረጥ የለበትም። በክሮቹ መካከል የሚቀረው ውኃና ደለል ለረጅም ጊዜ ስለማይደርቅ፣ በውስጡ የአልጌ ሕዋሳት፣ የዓሣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች በሕይወት ወደ ሌላ ወንዝ ይሻገራሉ። ዲዲሞ የሚባለው አልጌ እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ከተገኘ በኋላ አገሪቱ በ2008 ዓሣ አጥማጆች የፌልት ሶል እንዳይጠቀሙ ከልክላለች፤ የአላስካ ግዛትም በ2012 ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ዓሣ ማጥመድ ላይ ተመሳሳይ ክልከላ አድርጋለች። የጅረትን ጤንነት ለመመርመር የሄደ ሰው ራሱ የጉዳቱ ምክንያት መሆን አይገባውም፤ ይህ ለእኔ የሙያ ክብር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሲገዙ "ይህ ነገር ቶሎ ይደርቃል ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ከሱሪው ጋር የተጣበቀ የጎማ ቦት ለማጽዳት ከሁሉም ይቀላል፤ ማሰሪያ፣ ቀዳዳና የጨርቅ ልጣፍ የበዛበት ጫማ ደግሞ በየእጥፋቱ ጭቃ ይደብቃል። የኒውዚላንድ መመሪያ ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው፤ መፈተሽ፣ ማጽዳት፣ ማድረቅ። ከጅረቱ ሳይወጡ ጭቃውንና ቅጠሉን በብሩሽ ማስለቀቅ፣ ከዚያም 5 በመቶ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ውኃ ማጠብ፣ ወይም ፈጽሞ እንዲደርቅ መተው ይቻላል። ማድረቅ ሲባልም በእጅ ሲነካ ከውስጥም ከውጭም ፍጹም ደረቅ ከሆነ በኋላ ተጨማሪ 48 ሰዓት ማቆየት ማለት ነው። በአንድ ቀን ሁለት ወንዞች የሚጎበኙ ከሆነ ይህ ስለማይቻል፣ ለየወንዙ የተለየ ጥንድ መያዝ ወይም በሳሙና ማጠቡን አጥብቆ መያዝ ግድ ይላል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ የሚወስዱት ናሙና ምን እንደሚመረመርበት አስቀድመው ይወቁ። ፒፋስ የሚባሉት ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች የሚለኩ ከሆነ፣ ላብን በትነት የሚያስወጡት ብዙዎቹ ጨርቆች በሽፋናቸው ወይም በውኃ መከላከያ ቅባታቸው ውስጥ እነዚህኑ ኬሚካሎች ስለሚይዙ ናሙናውን ሊበክሉ ይችላሉ። ለዚህ ዓይነት ምርመራ ኒዮፕሪን ወይም በፒቪሲ የተለበጠው ይሻላል። ናሙናው የሚቀዳውም ሰውየው ከቆመበት በላይ፣ ማለትም ውኃው ከሚመጣበት አቅጣጫ መሆን አለበት።

ቢልሃርዚያ ባለበት ወይም ፍሳሽ በሚገባበት ውኃ ውስጥ የማያፈስ ዌደር የጤና መከላከያ ነው። የቢልሃርዚያ እጭ በጤነኛ ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ የምታፈስ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ቸል አትባልም፤ እጅም በረጅም የጎማ ጓንት መሸፈን አለበት።

ምላሽ — ፍሰት ለኪ

ስለ መዛመቱ የተባለው ትክክል ነው፤ በተለያዩ ወንዞች ለሚሠራ ቡድን ፌልት እንደማይመከር ተቀብያለሁ። ሆኖም ፌልቱን መተው ብቻውን ችግሩን ይፈታዋል ብሎ ማሰብ እንዳይኖር እፈልጋለሁ። የቨርሞንት ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችውን ክልከላ በ2016 አንሥታለች፤ በሰሜን አሜሪካ ብዙ ጅረቶች ውስጥ ዲዲሞ ቀድሞውኑ እንደነበረና የሚበዛውም በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ እጅግ ሲያንስ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች ወጥተዋል። የጎማ ሶልም፣ የጫማ ማሰሪያም፣ መረቡም ይሸከማል። ወሳኙ ነገር ጽዳቱ ነው።

ምላሽ — የወንዝ ደኅንነት አሠልጣኝ

የቡድንዎ አባላት የሰሙት ነገር በሰፊው ይነገራል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። በዌደር ውስጥ የገባው ውኃ ከውጭ ካለው ውኃ ጋር እኩል ጥግግት ስላለው፣ ሰውየው ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ወደ ታች የሚጎትት ክብደት አይጨምርበትም። አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው፤ የተሞላ ልብስ እግርን ለማንቀሳቀስ ያስቸግራል፣ ወራጁም የሚገፋው ሰፊ ነገር ያገኛል፣ ከውኃው ለመውጣት ሲሞከር ደግሞ ከውኃው መስመር በላይ ያለው ሁሉ ክብደት ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ የደከመ ሰው ዳሩን ይዞም መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ መፍትሔው ግን ዌደሩን መተው ሳይሆን እንዴት እንደሚለበስ ማወቅ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ቀበቶው ነው። ከወገብ በላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ቀበቶ ውኃው ወደ እግር የሚወርድበትን ፍጥነት በእጅጉ ይቀንሳል፤ በውስጥ የቀረውም አየር ለጥቂት ጊዜ ያንሳፍፋል። ሱሪውን ሲገዙ አብሮ የሚመጣው ቀበቶ ቀጭንና የሚላላ ከሆነ፣ ሰፊና ትንሽ የሚለጠጥ ሌላ ይግዙ። ማንገቻው በአንድ እጅ ጠቅ ሲደረግ የሚፈታ ይሁን፤ ከልብስ በታች ሳይሆን እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ይሁን። በላዩ ላይ የሚለበሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ደግሞ ለወንዝ ሠራተኛ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዌደሩን ሲለኩ ጃኬቱን ደርበው ይለኩት፤ ሁለቱ አብረው ካልተመቹ ሠራተኛው ከሁለቱ አንዱን አውልቆ ይሄዳል፣ የሚወልቀውም ጃኬቱ ይሆናል።

ሰው ከወደቀ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደሚወርድበት አቅጣጫ አድርጎና ወደ ላይ አንሥቶ፣ በእጆቹ እየቀዘፈ ሰያፍ ወደ ዳር ይሂድ። በፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እግርን በድንጋዮች መካከል ሊያሰነቅር ስለሚችል፣ ውኃው ከጉልበት በታች እስኪሆን ድረስ መቆም አይገባም። ይህን ሁሉ ጸጥ ባለና ጥልቀቱ በሚታወቅ ውኃ ውስጥ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ ዌደሩን ለብሰው ቢለማመዱት ፍርሃቱም ይቀንሳል፣ ልብሱም በአካል ላይ እንዴት እንደሚሆን ይታወቃል።

በቀዝቃዛ ውኃ ላይ የተመራመሩት ጎርደን ጊስብረክት ያስተዋወቁት አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚባል መመሪያ አለ። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን በሚገባ ለማዘዝ 10 ደቂቃ፣ በቅዝቃዜ ራሱን ከመሳቱ በፊት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ይኖረዋል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ከባድ ናት፤ ሰው ሳይፈልግ አየር ስቦ ውኃ የሚውጠው በዚያን ጊዜ ነውና ጃኬቱ አፉን ከውኃ በላይ የሚያቆይለት ያኔ ነው።

በተረፈ ምርኩዝ ይያዙ። ዘንጉን ውኃው በሚመጣበት በኩል ተክሎ፣ ፊትን ወደዚያው መልሶ፣ እግርን ሳያነባብሩ በትንንሹ እየጎተቱ ሰያፍ መሻገር ከማንኛውም ሶል የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣል።

ጠያቂው — ናሙና ሰብሳቢ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ከጨርቁ ወደ ሶሉና ወደ ቀበቶው አዙራችሁልኛል። ሁለት ነገር ብቻ ላስቸግር። ቡድናችን የተለያየ ቁመት ያላቸው ሴቶችና ወንዶች ያሉበት ሲሆን፣ ልብሶቹም በተራ የሚለበሱ ይሆናሉ፤ ልኩን እንዴት እናድርገው? ወደፊት ደግሞ ዓሣን በኤሌክትሪክ አደንዝዞ የመቁጠር ሥራ ሊጀመር ይችላል፤ ለዚያም የሚሆን ቢሆን እንወዳለን።

ምላሽ — የወንዝ ደኅንነት አሠልጣኝ

ልክ የሚፈተነው በመቆም ሳይሆን በመንቀሳቀስ ነው። ከሥር የሚለበሰውን ሙቀት ሰጪ ልብስ ሁሉ ደርበው፣ እስከ መጨረሻው ቁጢጥ ይበሉ፤ ከዚያም አንድ እግርዎን ወንበር ላይ ያውጡ። ጨርቁ በጉልበት ላይ ወይም በጭኖች መካከል ከተወጠረ ስፌቱ ብዙም ሳይቆይ ይከፈታል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ትርፉ ጨርቅ በጭኖች መካከል እየተፋተገ ይበሳል፤ ወራጁም የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለሴቶች ተብሎ የተቆረጠውን ይጠይቁ፤ የዳሌውና የቁመቱ ምጥጥን ስለሚለይ፣ ለወንድ የተሰፋውን አንድ ቁጥር ቀንሶ መስጠት መፍትሔ አይሆንም። ከፊት ዚፕ ያለው ለማውለቅ ቀላል ነው፤ ዚፑ ግን አሸዋ ስለማይወድ በየጊዜው መታጠብና መቀባት ይፈልጋል።

በተራ ለሚለበስ ልብስ፣ ሱሪው በካልሲ የሚያልቅበት ዓይነት የተሻለ ነው እላለሁ። አንድ ሱሪ ለተቀራራቢ ቁመቶች ሲያገለግል ጫማው ግን ለየእግሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በማሰሪያ የተጠበቀ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ይደግፋል፣ ጭቃም አያወልቀውም። የጽዳት ነገር ከላይ እንደተባለው ቦት የተጣበቀበት ይበልጣል፤ እግር የሚላወስበት ሰፊ ቦት ግን በድንጋይ ላይ አደገኛ ነውና፣ ጽዳቱን በተጨማሪ ጊዜ መሸፈን እመርጣለሁ። ጫማውን ሲለኩ የኒዮፕሪኑን ካልሲና ወፍራም የሱፍ ካልሲ አብረው ያድርጉ። የእግር ጣቶች ከተጨናነቁ ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ምንም ያህል ቢደራረብ እግር ይቀዘቅዛል።

ለኤሌክትሪኩ ሥራ ግን ሌላ ጥንድ ይመደብለት። ፈጽሞ የማያፈስ፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ላስቲክ ወይም ፒቪሲ የተለበጠ ወፍራም ዌደር ያስፈልጋል፤ በላብ የራሰ ስስ ጨርቅ ለሰው ሕይወት ዋስትና ሊሆን አይችልም። ሶሉም የብረት ጥርስ የሌለው ይሁን። የኤሌክትሪክ መከላከያ የጎማ ጓንትና በሙያው የሠለጠነ መሪ ሳይኖር ሥራው አይጀመር፤ ከመግባት በፊትም ዕለት ዕለት ቀዳዳ መኖር አለመኖሩ ይፈተሽ።

ምላሽ — ዕቃ ጠባቂ

የመስክ ዕቃ ማከማቻ ስለምጠብቅ ስለ ፍተሻና ስለ ጥገና ልጨምር፤ ብዙ ደኅና ዌደር የሚጣለው ከሥራ ብዛት ሳይሆን ከአያያዝ ጉድለት ነውና።

ቀዳዳ ፍለጋው እንደ ጨርቁ ይለያያል። ኒዮፕሪኑና ላስቲኩ በጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖል ወደ ውስጥ ገብቶበት ሲታይ ብርሃኑ በቀዳዳው ያልፋል። ላብን በትነት የሚያስወጣው ጨርቅ ግን ተገልብጦ በውስጡ በኩል አይሶፕሮፒል አልኮል ሲረጭበት፣ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በመርፌ ጫፍ የሚተካከሉ ብሶች እንኳ በዚህ ይገኛሉ። በቅድሚያ የሚፈተሸው በጭኖች መካከል ያለው ስፌት፣ የጉልበቱ ውስጠኛ ክፍልና የካልሲው ጣት ነው። ጠጠር በጫማና በካልሲ መካከል ገብቶ ስለሚፈጭ፣ የጫማውን አፍ የሚሸፍነው የጠጠር መከላከያ ሁልጊዜ ወደ ታች ተመልሶ ማሰሪያው ላይ ይያዝ።

ቀዳዳው ሲገኝ በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከዚያም ቀዳዳውን ከዙሪያው ትንሽ አልፎ የሚሸፍን የዩሬቴን ማጣበቂያ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ እስኪጠነክርም አንድ ሌሊት ይተዋል። ለላስቲኩ፣ የብስክሌት ካላማዳሪ እንደሚለጠፈው ሁሉ፣ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የጎማ ልጣፍ ይደረግለታል። ፒቪሲ የራሱን ማጣበቂያና የራሱን ልጣፍ ይፈልጋል። ወደ መስክ ለመውጣት ሰዓት ሲቀረው የሚጠገን ጥገና አይያዝምና፣ ከመስክ በተመለሱበት ቀን ይፈተሽ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ውስጡም ውጭውም ከደረቀ በኋላ ከእግሩ ተገልብጦ ወይም በማንገቻው ሰፋ ተደርጎ ይሰቀል። ታጥፎ የተቀመጠ ላስቲክ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተወጠረ ጎማን ስለሚበላ፣ ኤሌክትሪክ ሞተርና ጄኔሬተር ካለበት ክፍል፣ ከፀሐይም መራቅ አለበት። ዲት ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቅባት የተቀባ እጅም ልብሱን አይንካ፤ አንዳንድ ፕላስቲኮችንና ሽፋኖችን ያሟሟል። በመጨረሻም በየዌደሩ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበትና፣ የት ወንዝ እንደገባ፣ መቼ እንደጸዳና የት ላይ እንደተጠገነ የሚመዘገብበት ደብተር ከማንጠልጠያው አጠገብ ይቀመጥ።